ቁጥሩ ነገ የማን ነው? ስለ ቨርቹዋል ስልክ ቁጥር የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው። አካውንት ለመክፈት ስልክ ቁጥር ሲጠየቁ የራሳቸውን ከመስጠት ይልቅ ከኢንተርኔት ላይ ቁጥር የሚወስዱ ወይም የሚከራዩ ሰዎች በዝተዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፣ ስሞቹንም አስቀርተናል። መልሱን ግን አላሳጠርንም፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ሰዎች ከባድ ነገር ሲያጡ እያየን ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ያገለገሉ ዕቃዎች ኦንላይን እሸጣለሁ። ቁጥሬን ያላስገባሁበት ቦታ ስለሌለ ቀኑን ሙሉ የማላውቀው ሰው ይደውልልኛል፤ ማታ ማታ ደግሞ የማይረባ መልእክት የሚልኩ አሉ። ጓደኛዬ «ቨርቹዋል ቁጥር አውጪና ተገላገይ» አለችኝ። ምንድን ነው? ያዋጣኛል? (የሰለቻት)

መልስ፦ ቢሰለችሽ አይፈረድብሽም። ቁጥሬን ለማንም አልሰጥም ማለት የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ጸባይ አይደለም። ትዊተር ሰዎች ለአካውንታቸው ደህንነት ብለው የሰጡትን ስልክና ኢሜይል ለማስታወቂያ ሲጠቀምበት ተገኝቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ 150 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ ከ530 ሚሊዮን በላይ የፌስቡክ ተጠቃሚዎች መረጃ፣ ስልክ ቁጥራቸው ጭምር፣ ማንም ሊያወርደው በሚችልበት ሁኔታ ኢንተርኔት ላይ ተዘርግፏል። ስለዚህ ጥንቃቄሽ ትክክል ነው።

ቨርቹዋል ቁጥር ስልክሽ ውስጥ ካለ ሲም ጋር ያልተያያዘ ስልክ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የምር ቁጥር ነው። ይደወልበታል፣ ብዙ ጊዜም መልእክት ይቀበላል። ጥሪውና መልእክቱ ግን የሚሄደው በኢንተርኔት በኩል ወደ አንድ ኩባንያ ሰርቨር ነው፤ አንቺ በአፕ ወይም በዌብሳይት ገብተሽ ታይዋለሽ። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። መልእክቱን መጀመሪያ የሚይዘው ያ ኩባንያ ነው። ቁጥሩም የእሱ ነው፤ አንቺ ተጠቃሚ ነሽ እንጂ ባለቤት አይደለሽም።

በስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዓይነቱ ይለያያል። ነጻ የሚባሉት ሳይቶች ቁጥሩን በአደባባይ ነው የሚለጥፉት፤ አካውንት ሲከፈት ወደ ቁጥሩ የሚመጣውን የማረጋገጫ ኮድ ሳይቱን የከፈተ ሰው ሁሉ ያነበዋል። ሌሎቹ በትንሽ ክፍያ ለደቂቃዎች ያከራዩሻል፤ አንድ ኮድ ተቀብለሽ ትወጪያለሽ፣ ቁጥሩ ወደ ሌላ ሰው ያልፋል። ሦስተኛዎቹ በወር ወይም በዓመት የሚከፈልባቸው ናቸው፤ ክፍያው እስካልተቋረጠ ድረስ ቁጥሩ በአንቺ እጅ ይቆያል።

ለአንቺ የሚሆነው ይህ ሦስተኛው ነው፣ እሱም ለገዢዎች መደወያ ብቻ። ማስታወቂያሽ ላይ ለጥፊው፣ ማታ ዝጊው። አካውንቶችሽን ግን አትክፈቺበት። ደግሞ ከመክፈልሽ በፊት ያለሽን አፕ ሴቲንግ እዪው። ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥርሽን ማን ማየት እንደሚችል ራስሽ መወሰን ትችያለሽ፤ «ማንም አይየው» (Nobody) የሚለውን መርጠሽ ለገዢዎች ዩዘርኔምሽን ብቻ ስጪ። ሲግናል የተባለው የመልእክት አፕም እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በዩዘርኔም መገናኘት ፈቅዷል። ግማሹ ችግርሽ ያለ ምንም ወጪ በዚህ ይቀላል።

ጥያቄ፦ ከአንድ ሳይት ላይ ቁጥር ገዝቼ ዋትስአፕ ላይ ሳስገባው ኮዱ ሳይመጣ ቀረ። ሌላ ገዛሁ። ይሄኛው ደግሞ ገና ከማስገባቴ ታግዷል አለኝ። ገንዘቤን በሉኝ ማለት ነው? ሦስተኛ ልሞክር? (የተናደደ)

መልስ፦ ሦስተኛ አትሞክር። የገጠሙህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አንድ ቁጥር ሲገባ የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ፣ የሞባይል ይሁን የመደበኛ ስልክ ወይም የኢንተርኔት፣ በሰከንድ ውስጥ አጣርቶ የሚመልስ አገልግሎት አለ። ትልልቆቹ አፖች ይህንን ይጠቀማሉ። ዋትስአፕ የኢንተርኔት ስልክ ቁጥሮችን ለምዝገባ እንደማይደግፍ በግልጽ ጽፏል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቁጥርህ ኮድ ያልመጣበት ኔትወርክ ስለተበላሸ ላይሆን ይችላል፤ ከመነሻው ዓይነቱ ስላልተፈለገ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የባሰ ነው። እገዳው የተጣለው በቁጥሩ ላይ ነው። ከአንተ በፊት ቁጥሩን የተከራየ ሰው ስፓም ሲልክበት ወይም ሰው ሲያጭበረብርበት ኖሮ ሊሆን ይችላል፤ አንተ የእሱን ዕዳ ነው የተረከብከው። ሻጩ ይህንን አይነግርህም። ኮድ ካልመጣ ገንዘብ የሚመልሱ አሉ፤ አንዳንዶቹ ግን የሚመልሱት ወደ ካርድህ ሳይሆን እዚያው ሳይታቸው ላይ ወዳለው ሒሳብህ ነው፣ ሌላ ቁጥር እንድትገዛበት። ከመክፈልህ በፊት ይህንን አንብብ።

በነገራችን ላይ ብዙ ሰው ኢሲም ሲባል ከዚህ ጋር ይቀላቀልበታል። ኢሲም ስልኩ ውስጥ የተገጠመ ሲም ነው፤ ከኦፕሬተር ከቁጥሩ ጋር ከወሰድከው እንደ ማንኛውም ሲም ይቆጠራል። ለመንገደኛ የሚሸጡት የኢንተርኔት ብቻ ኢሲሞች ግን አብዛኞቹ ስልክ ቁጥር የላቸውም፤ ኮድ የሚመጣበት ነገር የለም። ለዋትስአፕ ሁለተኛ አካውንት ከፈለግህ ትክክለኛው መንገድ በስምህ የወጣ ሁለተኛ ሲም ነው።

ጥያቄ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ከዓመት በፊት ከነጻ ሳይት ቁጥር ወስጄ ቴሌግራም ከፈትኩ። ቻናል ጀመርኩበት፣ ብዙ ተከታይ አፈራሁ፣ አሁን ኑሮዬ በእሱ ላይ ነው። ትናንት ማታ «አዲስ ሎግ ኢን» የሚል መልእክት መጣ። እኔ አይደለሁም! እስካሁን ስልኬ ላይ እንደገባሁ ነኝ። (ጭንቅ ላይ ያለ)

መልስ፦ ለጸሐፊው ደብዳቤው በደረሰን ሰዓት መልሰንለታል። እዚህ የምናወጣው በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ያላችሁ ብዙ እንደምትሆኑ ስለምናምን ነው። ገና ምንም ያልደረሰባችሁም ብትሆኑ ይህንን ዛሬውኑ አድርጉት።

ከሁሉ በፊት ሎግ አውት እንዳታደርግ። አፑንም አታጥፋው። አሁን በእጅህ ያለው መተማመኛ ያ የገባህበት ስልክ ብቻ ነው፤ ከወጣህ ለመመለስ ኮድ ያስፈልግሃል፣ ኮዱ ደግሞ የሚሄደው ማንም ወደሚያነበው ቁጥር ነው።

ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ክፈትና ፓስወርድ አስቀምጥ። ሰውየው ከቀደመህ ራሱ ፓስወርድ አስገብቶ ሊቆልፍብህ ይችላል፤ ለዚህ ነው ይህ የሚቀድመው። መመለሻ ኢሜይል ሲጠይቅህ የራስህን፣ በደንብ የተጠበቀውን አስገባ። ቀጥሎ የተገናኙ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ዝርዝር ወደሚታይበት ሂድና ከአንተ በቀር ያሉትን በሙሉ አስወጣ። እዚህ ላይ ቴሌግራም ያግዝሃል፤ ገና አሁን የገባ ስልክ ቆየት ያለውን ወዲያው ማስወጣት አይችልም፣ ቆየት ያለው ግን አዲሱን ማስወጣት ይችላል። ማለትም አንተ ትችላለህ፣ እሱ ለጊዜው አይችልም። ይህ ጊዜ ሳያልፍብህ ተጠቀምበት።

ከዚያ ቁጥሩን ቀይር። ብዙ ሰው ቁጥር መቀየር አካውንቱን የሚያጠፋበት ይመስለዋል። አያጠፋም። ቴሌግራም ላይ ቁጥር ስትቀይር ቻትህ፣ ቻናልህ፣ ሰዎችህ ሁሉ አብረውህ ይሄዳሉ። በስምህ ባለ ሲም ቀይረው። አንድ የሚያደናቅፍ ነገር አለ፦ በዚያ ሲም ቀድሞ የተከፈተ ሌላ የቴሌግራም አካውንት ካለ መቀየሩን አይቀበልህም፤ ወይ ያንን አካውንት መዝጋት ወይ ሌላ ሲም ማምጣት አለብህ።

ቻናሉን ወደ ሌላ አካውንትህ ማስተላለፍ አስበህ ከሆነ ዛሬ አይሆንልህም። የባለቤትነት ዝውውር የሚፈቀደው ፓስወርዱ ከገባ 7 ቀን ካለፈው በኋላ ነው። እስከዚያው ግን የራስህን ሌላ አካውንት ወይም የምታምነውን ሰው አድሚን አድርገህ አስገባ።

ለምን ሆነ ለሚለው፣ ማንም ሃክ አላደረገህም። በዚያ ቁጥር ቴሌግራም ሊከፍት የሞከረ ሌላ ሰው ቁጥሩን አስገባ፣ ኮዱን ከሳይቱ ላይ አነበበ፣ የአንተን አካውንት ከፍቶ አገኘው። ቁልፉ ሳይቀየር ተከራይ ብቻ የሚቀያየርበት ቤት ውስጥ ንብረትህን አስቀምጠህ ነበር። በኪራይ ቁጥርም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ያኛው ወዲያው ሲሆን ይኼኛው ኪራዩ ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው።

ዋትስአፕን በማይቆይ ቁጥር የከፈታችሁም የባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ባለ 6 አሃዝ ፒን አሁኑኑ አስገቡና ቁጥሩን ወደ ራሳችሁ ሲም አዙሩ። ፒኑ ጊዜ ይገዛላችኋል እንጂ ቁጥሩን የእናንተ አያደርገውም።

ጥያቄ፦ ዕቃ ልገዛ ያነጋገርኩት ሰው «አጭበርባሪ አለመሆንሽን ላረጋግጥ፣ አሁን የሚመጣልሽን ኮድ ንገሪኝ» አለኝ። ብነግረው ምን ችግር አለው? (ግራ የገባት)

መልስ፦ እንዳትነግሪው። አጭበርባሪው እሱ ነው። በሚላክልሽ ኮድ ወይ የአንቺን ዋትስአፕ ወይም ቴሌግራም ይወስዳል፣ ወይ ደግሞ በአንቺ ቁጥር መነሻነት ለራሱ ቨርቹዋል ቁጥር ያወጣል። ሁለተኛው በጣም የተለመደ ነው፤ ጉግል ቮይስ የሚባለው የጉግል ቨርቹዋል ቁጥር አገልግሎት ቁጥር ለማውጣት የአሜሪካ ስልክ ቁጥር ስለሚጠይቅ እዚያ ያሉ ሰዎች በዚህ ዘዴ ብዙ ተታለዋል። ከዚያ በኋላ ሰው የሚጭበረበርበት ቁጥር ሲጣራ መጨረሻው ወደ አንቺ ስልክ ነው የሚመጣው። የማረጋገጫ ኮድ የሌላን ሰው ማንነት አያረጋግጥም። ኮዱ አብሮት የመጣውን መልእክት አንብቢው፤ አብዛኛውን ጊዜ «ለማንም እንዳትሰጡ» ይላል።

ጥያቄ፦ ኢሜይሌንና የገንዘብ አፖቼን ሁሉ በየወሩ ወደምከራየው ቨርቹዋል ቁጥር ላዞር አስቤአለሁ። የሲም ቁጥሬን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ይኼኛውን ግን ማንም አያውቀውም። የበለጠ አስተማማኝ አይሆንም? (ጠንቃቃው)

መልስ፦ ጥያቄህ የታሰበበት ነው፤ ግማሹም እውነት ነው። ሲም ካርድም ይሰረቃል። አጭበርባሪው የኦፕሬተሩን ሠራተኛ አሳምኖ ወይም ከፍሎ ቁጥርህን ወደ እሱ ሲም ያዞረዋል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 የራሱ የትዊተር ዋና ኃላፊ የነበረው የጃክ ዶርሲ አካውንት የተጠለፈው ስልክ ቁጥሩ በዚህ መንገድ ከተወሰደ በኋላ ነው። የማይታወቅ ቁጥር ከዚህ ዓይነቱ ጥቃት ሊጠብቅህ ይችላል።

ቀሪው ግማሽ ግን ያስፈራል። ካርድህ ጊዜው አልፎ አንድ ወር ክፍያ ቢያመልጥህስ? ኩባንያው ቢዘጋስ? ስካይፕን የሚያህል ስም እንኳ በግንቦት 2025 ተዘግቷል፤ ስንቱ ሰው ከእሱ የወሰደው ቁጥር ነበረው። ከእጅህ የወጣ ቁጥር ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ለሌላ ሰው ይሰጣል። በአሜሪካ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት ለአዲስ ደንበኛ የቀረቡ 259 የሞባይል ቁጥሮችን ሲፈትሹ 171ዱ የቀድሞ ባለቤቶቻቸው አካውንቶች እንደተያያዙባቸው አገኙ። ይህ እንግዲህ በመደበኛ የሞባይል ቁጥሮች ነው። በየደቂቃው እጅ የሚቀያይር የኪራይ ቁጥር ምን እንደሚመስል አስበው።

መሐል ላይ የቆመው ኩባንያም ራሱ ይጠቃል። ለሌሎች ድርጅቶች የማረጋገጫ ኮድ የሚልከው ትዊሊዮ በነሐሴ 2022 ሲጠለፍ የ1,900 ያህል የሲግናል ተጠቃሚዎች ቁጥር ለአደጋ ተጋልጦ ነበር። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ረቂቅ መመሪያ ላይ ኮድ የሚላክበት ቁጥር የእውነት የሞባይል እንጂ የኢንተርኔት ስልክ አለመሆኑ ይጣራ ብሎ የጻፈው በከንቱ አይደለም።

አንድ ደግሞ ብዙ ሰው የማያየው ወጥመድ አለ። ቨርቹዋል ቁጥሩን ለማየት የምትገባው በኢሜይል ነው። ኢሜይልህ ቢቆለፍ የሚከፈተው በቨርቹዋል ቁጥሩ ነው። አንዱ ሲጠፋ ሌላውም አብሮ ይጠፋል፤ በየትኛውም በኩል መግቢያ አይኖርህም። ከዚህ ውስጥ መውጣት እጅግ ከባድ ነው፣ የምታናግረው ሰው እንኳ አታገኝም።

ስለዚህ ከሲም ወደ ቨርቹዋል ከመሸሽ ከኤስኤምኤስ ራሱ ሽሽ። በየ30 ሰከንዱ ኮድ የሚቀያይረውን የኦተንቲኬተር አፕ ተጠቀም። ኮዱ የሚመነጨው እዚያው ስልክህ ላይ ስለሆነ መንገድ ላይ የሚይዘው ሰው የለም፣ ኔትወርክም አይፈልግም። ፓስኪ የሚቀበል አካውንት ካለህ እሱ ደግሞ ይበልጣል፤ በጣት አሻራ ወይም በስልክህ መክፈቻ ትገባለህ፣ ለአጭበርባሪ የሚነገር ኮድ የሚባል ነገር የለውም። ጉግል የሚሰጥህን የመጠባበቂያ ኮዶች ወረቀት ላይ ጽፈህ ቤትህ አስቀምጥ። ስልክህ የጠፋ ቀን የሚያስገባህ እሱ ነው። ይህንን ሁሉ ከጨረስክ በኋላ ኢሜይልህ ላይ ያለውን ስልክ ቁጥር ማውጣት ትችላለህ፤ ቅደም ተከተሉን ግን እንዳትገለብጠው።

ባንክን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው። በስምህ ያለውን ሲም ስጥ። ባንኩ ሊያገኝህ የሚገባው በእሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሕገወጥ ነው እንዴ? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ ቁጥር መከራየት ብቻውን በብዙ አገር ወንጀል አይደለም፤ ድርጅቶችም ለደንበኛ አገልግሎት በሰፊው ይጠቀሙበታል። ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ የራሳችሁን እዩ። የአፑ ደንብ ግን ሌላ ነው። አፑ አይፈቀድም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊዘጋባችሁ ይችላል፤ «ባለቤቱ እኔ ነኝ» ብላችሁ ለመከራከር ደግሞ በእጃችሁ የሌለ ቁጥር ማስረጃ አይሆናችሁም።

ጥያቄ፦ ሥራ እየፈለግሁ ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው «በሲምህ የሚመጣውን ኮድ ብቻ ላክልን፣ ለእያንዳንዱ እንከፍልሃለን» አለኝ። ፓስወርድም የባንክ ሒሳብም አልጠየቀኝም። ለአንድ ሳምንት ሠርቻለሁ፣ ከፍሎኛልም። አሁን ግን ልቤ ፈራ። (የፈራው)

መልስ፦ ልብህን ስማው። እስካሁን ያነበብካቸው ለደቂቃዎች የሚከራዩ ቁጥሮች የሚመጡበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። አፖቹ የኢንተርኔት ቁጥር ሲከለክሉ፣ ሻጮቹ በእውነተኛ ሲም የሚቀበሉላቸው ሰዎች መፈለግ ጀመሩ። አንተን የመረጡህ ሲምህ ንጹሕና በስምህ የተመዘገበ ስለሆነ ነው። በላክኸው ኮድ የተከፈተው አካውንት ምን እንደሚሠራበት አታውቅም። ሰው የሚዘረፍበት ከሆነ ግን ተበዳዩ ለፖሊስ የሚያሳየው ቁጥር ያንተ ነው። የከፈለህ ሰው ደግሞ ስሙም አድራሻውም አይታወቅም።

ዛሬውኑ አቁም። «ያለፈውን ሒሳብ እንድንከፍልህ አንድ ብቻ ጨምር» ቢሉህም አትመለስ። ከዚያ ወደ ስልክህ የመጡትን ኮዶች ተመልከት፤ ከየትኛው አፕ እንደተላኩ መልእክቱ ላይ ተጽፏል። ዋትስአፕ ካለበት ቁጥርህን ራስህ አስመዝግበው፤ አንተ ስትገባ እነሱ ይወጣሉ። ፒን አስገብተውበት ከሆነ 7 ቀን ያስጠብቅሃል እንጂ ቁጥሩ ወዳንተ ይመለሳል። ቴሌግራም ከሆነም በቁጥርህ ግባ፣ ሌሎቹን አስወጣ፣ አካውንቱን ዝጋው። እነሱ ያስገቡት ፓስወርድ ካገደህ አካውንቱ እንዲሰረዝ እዚያው መጠየቅ ትችላለህ። ለቀሩት አፖች ቁጥርህ ያለ ፈቃድህ እየተሠራበት መሆኑን በእርዳታ ገጻቸው ጻፍላቸው።

ከሰውየው ጋር የተለዋወጥከውን መልእክት ግን አታጥፋ። ቻቱን፣ የከፈለህበትን ማስረጃ፣ ዩዘርኔሙን በሙሉ ስክሪንሹት አድርገህ ከስልክህ ውጪ አስቀምጥ፣ እሱ በሁለታችሁም በኩል ሊያጠፋው ስለሚችል ይህንን ሥራውን ማቆምህን ከመንገርህ በፊት አድርገው።